ኮምፒዩተር የሚሥለው ሥዕልና ከበስተኋላው ያለው መረብ

(በራዲዮ የተነገረ)



ዛሬ የምናነሣው ነገር በስሙ ለሊቃውንት ብቻ የተተወ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ በግብሩ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚደርስ ነው። ይኸውም ኮምፒዩተር ያሰላውን ነገር በሥዕል አድርገው ለዐይን ስለሚያሳዩ መሣሪያዎች ነው። ጎርፍ የሚደርስበትን ስፍራ በቀለም ለይቶ የሚያመለክት ካርታ፤ ከፋብሪካ የሚወጣ ጢስ ወዴት እንደሚነዳ የሚያሳይ ሥዕል፤ የአየር ጠባይ ትንበያ፤ እነዚህ ሁሉ በዘመናችን እጅግ አምረውና ተውበው ይቀርባሉ። ጉዳዩን የሚመረምረው ሹም ሥዕሉን ይመለከታል፤ ሰማያዊው ቀለም ከትምህርት ቤቱ ወዲህ ወይም ወዲያ መቆሙን ያያል፤ ከዚያም ይፈርማል። ነገር ግን ከሥዕሉ ውስጥ የትኛው በእርግጥ የተሰላ፥ የትኛው ደግሞ ሥዕሉ እንዲያምር ሲባል በመካከል የተሞላ መሆኑን ከቀለሙ ብቻ ለይቶ ለማወቅ አይቻልም።

ነገሩን ከመሠረቱ ለመረዳት ኮምፒዩተር ባሕርን ወይም ሰማይን እንዴት አድርጎ እንደሚያስብ ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ ሐይቅ ስናይ አንድ ወጥ ውኃ እናያለን። ኮምፒዩተር ግን ከቁጥር በቀር የሚያውቀው ነገር ስለሌለ፥ በቦታው ላይ እንደ ወንፊት ያለ መረብ ይዘረጋና በእያንዳንዱ የመረቡ ዐይን ውስጥ ጥቂት ቁጥሮች ያስቀምጣል፤ የውኃው ጥልቀት ይህን ያህል፥ ፍጥነቱ ይህን ያህል፥ የመሬቱ ከፍታ ይህን ያህል እያለ። በአንድ ዐይን ውስጥ ያለው ሁሉ ለኮምፒዩተሩ አንድ ነው። የአንድን ወረዳ ደጋውንም ቆላውንም ደምሮ አንድ የዝናብ መጠን ብቻ የሚሰጥ ሪፖርት ምን ያህል እንደሚያሳስት አድማጮቻችን በሥራችሁ ታውቁታላችሁ። ሰፊ ዐይን ያለው መረብም እንደዚሁ ነው፤ ኮረብታውንና ረባዳውን አማካይ አድርጎ አንድ ቁጥር ይሰጣል።

እንግዲያስ ዐይኑን ማድቀቅ ነዋ፥ የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ዋጋው ከባድ ነው። በመሬት ላይ የተዘረጋ መረብ የዐይኑ ጎን በግማሽ ቢቀነስ የዐይኑ ቁጥር በ4 ይባዛል። ከፍታም ያለው እንደ አየር ያለ ነገር ከሆነ በ8 ይባዛል። ደግሞም ዐይኑ በደቀቀ መጠን ስሌቱ የሚራመድበት ጊዜ ማጠር ስላለበት ሥራው እንደገና በ2 ይባዛል። ይህን ግማሽ ማድረግ 10 ጊዜ ብንደጋግመው አንዱ የመጀመሪያ ዐይን በሦስቱም አቅጣጫ በ1024 ይከፈልና ከ1,000,000,000 በላይ ደቃቅ ዐይኖች ይሆናል። ይህን በጠቅላላው ስፍራ ላይ አደርጋለሁ የሚል ሰው ምንም ያህል ትልቅ ኮምፒዩተር ቢያመጡለት አይበቃውም።

ሱናሚ የተባለውን የባሕር ማዕበል ለምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2004 ታኅሣሥ ወር በሕንድ ውቅያኖስ የተነሣው ማዕበል ከ200,000 በላይ ሕዝብ ፈጅቶ፥ ከተነሣበት ከሱማትራ አጠገብ ተጕዞ እስከ ሶማሊያ ጠረፍ ደርሶ ሰው መግደሉ የሚታወስ ነው። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን የመሰለ ማዕበል ጥልቀቱ 4000 ሜትር በሆነ ባሕር ላይ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ከጫፍ እስከ ጫፍም በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርዝመት ሊኖረው ስለሚችል በመርከብ ላይ ያለ ሰው ከሥሩ ሲያልፍ አይታወቀውም። ወደ ጠረፍ ሲቃረብና ጥልቀቱ 10 ሜትር ሲሆን ግን ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 36 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ ከኋላ የሚመጣው ውኃ በፊተኛው ላይ ይደራረብና ማዕበሉ ያጥራል፥ ይቆማል፥ ከፍ ይላል። ስለዚህ በመካከለኛው ባሕር ላይ የ4 ኪሎ ሜትር ዐይን ሲበቃ፥ በከተማው መንገዶች መካከል ግን የ10 ሜትር ዐይን ያስፈልጋል።

እስቲ በደፈናው እናስላ። ርዝመቱም ስፋቱም 10,000 ኪሎ ሜትር የሆነ ውቅያኖስ በሙሉ በ10 ሜትር ዐይን ይሸፈን ቢባል ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ዐይን ይፈልጋል። ውቅያኖሱን በ4 ኪሎ ሜትር ዐይን ሸፍነን፥ ከተማዋ ያለችበትን 20 ኪሎ ሜትር በ20 ኪሎ ሜትር የሆነ ስፍራ ብቻ በ10 ሜትር ዐይን ብንሸፍነው ግን ለውቅያኖሱ 6,250,000፥ ለከተማዋ 4,000,000፥ በድምሩ 10 ሚሊዮን ከ250 ሺሕ ይበቃናል። አንዱ ከሌላው ወደ 100,000 እጥፍ ያንሳል ማለት ነው። አንደኛው እጅግ ከባድ፥ ሁለተኛው በአንድ ክፍል ውስጥ ባለ ኮምፒዩተር የሚሠራ ሥራ ነው።

ይህን ብልኀት በሥርዐት አዘጋጅተው ካቀረቡት ሊቃውንት መካከል ስማቸው በግንባር ቀደምትነት የሚጠራው ዶክተር ማርሻ በርገርና ዶክተር ጆሴፍ ኦሊገር ናቸው። በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ኮምፒዩተሩ ራሱ ስሌቱን እያካሄደ ሳለ የነገሩ ጠባይ በፍጥነት የሚለወጥበትን ስፍራ እየፈለገ በዚያ ላይ ብቻ ደቃቅ መረብ እንዲደርብ አደረጉ። በ1989 ደግሞ በርገር ከፊሊፕ ኮሌላ ጋር ሆነው ዘዴውን በፍንዳታ ጊዜ ለሚነሣው የአየር ግፊት ስሌት አስተካከሉት። በእንግሊዝኛ አዳፕቲቭ ሜሽ ሪፋይንመንት ይሉታል፤ እኛ በዚህ ንግግር ባጭሩ ዝንቅ መረብ እንለዋለን፤ ሰፊውም ደቃቁም ዐይን በአንድነት ተዘንቆ ይገኝበታልና። ደቃቁ መረብ በአንድ ስፍራ ተተክሎ የሚቀር አይደለም። ማዕበሉ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ያ ስፍራ ወደ ሰፊው ዐይን ይመለሳል። ከደቃቁም በላይ ሌላ የባሰ ደቃቅ፥ በዚያም ላይ ሌላ ሊደረብ ይችላል። አንዳንዶቹ ሊቃውንት ይህን የሚያደርጉት አራት ማዕዘን እራፊ በጨርቅ ላይ እንደሚጣፍ እየጣፉ ነው። ሌሎቹ ደግሞ እያንዳንዱን ዐይን በየጊዜው ለስምንት እየከፈሉ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወርዱታል።

የከዋክብት ተመራማሪዎች ከሁሉ ይበልጥ በዚህ ዘዴ ተጠቅመዋል፤ አንድ ኮከብ ከሚወለድበት ከጋዝ ደመናው ጋር ሲነጻጸር በውቅያኖስ ውስጥ እንደ ወደቀ አሸዋ ቅንጣት ነውና። ቶም ኤብል፥ ግሬግ ብራያንና ማይክል ኖርማን በ2002 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ዓለማት የመጀመሪያ ኮከብ አፈጣጠር ያሳተሙት ስሌት በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። እኛ ግን ወደ ምድር እንመለስ።

በአሜሪካ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር በሰላማዊ ውቅያኖስ ዳር ዌስትፖርት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከጠረፉ ባሻገር ካስኬድያ የተባለው የምድር ስንጥቅ በባሕሩ ወለል ሥር ተጋድሟል። ይህ ስንጥቅ በ1700 ጥር ወር ታላቅ የመሬት መናወጥ አድርሶ፥ የማስነሣው ማዕበል እስከ ጃፓን ደርሶ በዚያ አገር መዛግብት ተጽፎ ይገኛል። ይኸው ነገር ዳግመኛ ቢደርስ ማዕበሉ ወደ ከተማዋ ለመግባት ግማሽ ሰዓት እንኳ ላይፈጅበት ይችላል፤ ከተማዋም በሜዳ ላይ ስለ ሆነች ሮጦ የሚወጣበት ኮረብታ በቅርብ የለም። የከተማዋ ሰዎች ኦኮስታ የተባለውን የሕፃናት ትምህርት ቤታቸውን እንደገና ለማሠራት በ2013 በድምፅ ሲወስኑ፥ የስፖርቱ አዳራሽ ጣራ ከ1000 በላይ ሰው የሚጠለልበት ሆኖ እንዲሠራ ተስማሙ። ሕንፃው በ2016 ተፈጸመ። በሰሜን አሜሪካ ለዚህ ጉዳይ ሲሠራ የመጀመሪያው ነው።

ታዲያ ጣራው ምን ያህል ከፍ ይበል? ምሰሶውስ ምን ያህል የውኃ ግፊት ይቋቋም? ይህን ለመወሰን ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ውኃው ምን ያህል እንደሚጠልቅ ማወቅ ያስፈልጋል። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሊቃውንት ይህን ያሰሉት ጂኦክሎ በተባለው ፕሮግራም ነው። ጂኦክሎን ካዘጋጁት መካከል ፕሮፌሰር ራንዳል ለቬክ፥ ዴቪድ ጆርጅና ቀደም ብለን ስማቸውን የጠራነው ማርሻ በርገር ይገኙበታል፤ የሚሠራውም በዝንቅ መረብ ነው። በዚህ ዐይነት ጉዳይ ላይ የአንድ ሜትር ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም። ጣራው ላይ ያለው ሕፃን በደረቅ መቆሙና አለመቆሙ በዚያ ይለያል።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የሥዕሉ ነገር የሚመጣው። ስሌቱ ሲያልቅ የሚገኘው በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር የቁጥር ክምችት ነው። ይህን ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ሊያነበው አይችልም፤ ወደ ሥዕል መለወጥ አለበት። መረቡ ወጥ ቢሆን ኖሮ ሥራው ቀላል ነበር፤ ለእያንዳንዱ ዐይን አንድ ቀለም መስጠት ነው። ዝንቅ መረብ ግን ሠዓሊውን ፕሮግራም የሚያደናግሩ ወጥመዶች አሉት። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ወዲያው የሚታዩ፥ አንዳንዶቹ ግን የማይታዩ ናቸው፤ የማይታዩት ይብሳሉ።

አንደኛው ድርብ ቈጠራ ነው። ደቃቁ መረብ በሰፊው ላይ የተደረበ እንጂ ሰፊውን ያስወገደ አይደለም፤ ከሥሩ ሰፊው ዐይን ቁጥሩን እንደ ያዘ ይቀመጣል። ጎኑ 4 ኪሎ ሜትር በሆነ ሰፊ ዐይን ውስጥ ውኃው 2 ሜትር ቢሆን 32 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ነው። በላዩ የተደረቡት ደቃቆቹም ተደምረው ያንኑ 32 ሚሊዮን ይሰጣሉ። ያገኘውን ሁሉ በጭፍን የሚደምር ፕሮግራም 64 ሚሊዮን ብሎ ሪፖርት ያቀርባል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ መሣሪያ በደቃቅ የተሸፈነውን ሰፊ ዐይን ሁሉ ምልክት አድርጎ ከሥዕሉም ከድምሩም ማውጣት አለበት። ይህ በሒሳብ ክፍል ለሠራ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ባንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ እንዳይወጣ መቈጣጠር ነው።

ሁለተኛው ስንጥቅ ነው። ብዙ ጊዜ ሊቃውንት ማየት የሚፈልጉት ቀለም ብቻ ሳይሆን በካርታ ላይ እንደሚሣለው የእኩል ከፍታ መሥመር ያለ ነገር ነው፤ ለምሳሌ የጋዙ እፍጋት ይህን ያህል የሆነበትን ገጽ ሁሉ አያይዞ እንደ ሽፋን የሚያሳይ። ለዚህ የሚያገለግለውን ዘዴ በ1987 የጄነራል ኤሌክትሪክ ሠራተኞች የነበሩት ዊሊያም ሎረንሰንና ሃርቬይ ክላይን አሳተሙት፤ በሐኪም ቤት የሰውነትን ውስጥ በሚያሳዩ መሣሪያዎችም በሰፊው ይሠራበታል። ዘዴው የሚያስበው ግን መረቡ ወጥ እንደ ሆነ ነው። ሰፊው ዐይን ከደቃቁ በሚዋሰንበት ስፍራ፥ በደቃቁ በኩል በድንበሩ መካከል ላይ አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ፤ በሰፊው በኩል ግን ያ ነጥብ የለም። ሰፊው ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ መሥመር ሲሥል ደቃቁ በመካከሉ ነጥብ ላይ ይታጠፋል። ውጤቱ ድሩ ወፍራም የሆነ ጋቢ ከቀጭን ነጠላ ጋር ሳይለካኩ ተሰፍተው በመካከላቸው ቀዳዳ እንደ ቀረ ያህል ነው። በሥዕሉ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይታያል፤ የማያውቅ ሰው ያ ስንጥቅ በተፈጥሮው ያለ ነገር መስሎት ሊመራመርበት ይችላል።

በ2001 ጉንተር ቬበርና ባልደረቦቻቸው ለዚህ መልካም መድኀኒት አቀረቡ። የመረቡን ዐይኖች ጠርዝ መከተል ትተው የዐይኖቹን መካከለኛ ነጥቦች እርስ በርስ በማያያዝ ሌላ መረብ ሠሩ። በሰፊውና በደቃቁ መካከል የሚቀረውን ክፍተት ደግሞ ለዚያ ብቻ በተበጁ ማያያዣዎች እንደ ስፌት ሞሉት። በዚህ መንገድ የሚሣለው ገጽ ቀዳዳ የለውም፤ ከሁሉ ይልቅ ግን በየዐይኑ መካከል የነበረው የመጀመሪያው ቁጥር ሳይነካ ይቀራል።

ስንጥቅ ግን ቢያንስ ይታያል። እኔ ይበልጥ አሳሳቢ ነው የምለው ሥዕሉ ያለ አግባብ ሲለሰልስ ነው። ብዙ ሠዓሊ ፕሮግራሞች ከአንዱ ዐይን ወደ ሌላው ቀለሙ ቀስ በቀስ እንዲሸጋገር አድርገው ይሥላሉ፤ ለዐይን ይማርካልና። ጎኑ 500 ሜትር የሆነ ዐይን እናስብ። በውስጡ ትምህርት ቤት፥ መንገድና ትንሽ ጉብታ አሉ። ስሌቱ ለእነዚህ ሁሉ የያዘው የመሬት ከፍታ አንድ ነው፤ የውኃውም ጥልቀት አንድ ነው። ሥዕሉ ግን ከግራና ከቀኝ ካሉት ዐይኖች ጋር እያዋሐደ በትምህርት ቤቱ አጠገብ የሚያልፍ የሚመስል የተጠማዘዘ የውኃ ዳርቻ ይሥላል። ተመልካቹ ሥዕሉን ቢያቀርበው ያው ዳርቻ ይበልጥ ጠርቶ ይታየዋል። ይህ ዳርቻ በስሌቱ ውስጥ ፈጽሞ የለም፤ የሠዓሊው ፕሮግራም ፈጠራ ነው። የዝንቅ መረብ ሥዕል ደግሞ ከወጥ መረብ ሥዕል ይልቅ በዚህ ረገድ ያሳስታል፤ በአንድ ወረቀት ላይ ከተማዋ በ10 ሜትር፥ ጎረቤቷ መንደር በ500 ሜትር ተሰልተው ሳለ ሁለቱም በእኩል ልስላሴ ይሣላሉና። የጎረቤት መንደሩ ሹም ካርታውን ሲያይ የእርሱም መንደር እንደ ከተማዋ ተጠንቶለት ይመስለዋል።

አንዳንድ ሰዎች ከዚህ ሁሉ ጣጣ ለመገላገል ዝንቁን መረብ በሙሉ ወደ ወጥ መረብ ገልብጠው ከዚያ ይሥላሉ። ለትንንሽ ሥራ ያስኬዳል። አራት ደረጃ የተደረበ መረብ ግን፥ በየደረጃው በግማሽ የሚደቅ ከሆነ፥ ወደ ደቃቁ ልክ ሲገለበጥ ሰፊው ዐይን ሁሉ በየጎኑ በ16፥ በጠቅላላው በ4096 መባዛት አለበት። ዝንቁ መረብ የተፈጠረበትን ምክንያት መልሶ ማፍረስ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። ከሁሉ ይልቅ የታወቁት ሁለት ናቸው። ቪዚት የተባለው በካሊፎርኒያ በሎረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2000 መሠራት ተጀምሮ በ2002 ለሕዝብ ቀረበ። ፓራቪው የተባለው ደግሞ ኪትዌር የተሰኘው ኩባንያ ከሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ጋር በዚያው በ2000 ጀምሮ እንደዚሁ በ2002 ለሕዝብ አቀረበው። ሁለቱም የታነጹት በ1993 በተጀመረው ቪቲኬ በተባለው የሥዕል ፕሮግራሞች ስብስብ ላይ ነው፤ ከዚያ ስብስብ መሥራቾች አንዱ ከላይ የጠቀስናቸው ሎረንሰን መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል። ሁለቱም ያለ ዋጋ የሚገኙ ናቸው፤ የውስጥ አሠራራቸውም ለማንም ክፍት ነው። ስለዚህ በየትኛውም አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ወይም መሥሪያ ቤት ፈቃድ ሳይገዛ ሊያስገባቸው ይችላል። በደቃቅ የተሸፈነውን ዐይን ይለያሉ፤ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ ማብራትና ማጥፋት ያስችላሉ፤ ፓራቪውም ለዝንቅ መረብ ብቻ የተበጀ የእኩል ገጽ መሣያ አለው።

የእነዚህ ሁለቱ ሌላ ትልቅ ጥቅም፥ ቁጥሩ ባለበት ቦታ ሆነው መሥራታቸው ነው። የቁጥሩ ክምችት በትልቁ ኮምፒዩተር ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል፤ ሥዕሉ እዚያው ይዘጋጅና በሩቅ ከተማ ወዳለው ሠራተኛ ጠረጴዛ ሥዕሉ ብቻ ይላካል። የመገናኛው መሥመር ደካማ በሆነበት አገር ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ዋይ ቲ የተባለው መሣሪያ ጠባዩ ከእነዚህ የተለየ ነው። የጀመሩት ማቲው ተርክ ናቸው፤ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ ለኢንዞ፥ ማለት የመጀመሪያው ኮከብ ለተሰላበት ፕሮግራም፥ ብለው ያዘጋጁት ነበር። በ2011 ከባልደረቦቻቸው ጋር በሥነ ፈለክ መጽሔት ላይ ዘርዝረው አሳተሙት። ዛሬ የብዙ ልዩ ልዩ ፕሮግራሞችን ቁጥር ያነባል። ዋይ ቲ ተጠቃሚውን ስለ መረቡ አደረጃጀት አያስጨንቀውም፤ ከመካከለኛው ነጥብ ይህን ያህል ርቀት ላይ ያለውን ጋዝ ጠቅላላ ክብደት ስጠኝ ሲሉት በየደረጃው ካለው ዐይን ትክክለኛውን መርጦ፥ ሳይደራረብ ደምሮ ይሰጣል። እኔን ደስ የሚያሰኘኝ ግን ሌላ ነው። እንዲህ ያለውን መረብ ቆርጦ ሲያሳይ በራሱ ፈቃድ አያለሰልሰውም፤ ሰፊው ዐይን በሥዕሉ ላይ እንደ ትልቅ ድፍን አራት ማዕዘን ፍጥጥ ብሎ ይታያል። አያምርም፤ እውነት ነው። ነገር ግን የት ላይ በደንብ እንደ ተሰላና የት ላይ በደፈናው እንደ ታለፈ ማንም ሰው ባንድ አፍታ ያያል።

በርክሊ በሚገኘው በሎረንስ በርክሊ ብሔራዊ ላቦራቶሪ የተሠራው አምርቪስ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ትሑት ነው። ሥዕሉ ያን ያህል አይደለም፤ ሆኖም በሥዕሉ ላይ አንድ ስፍራ ከልለው ሲጠይቁት በዚያ ያሉትን ቁጥሮች በየደረጃቸው እንደ ሠንጠረዥ ዘርግቶ ያሳያል። ፕሮግራሙን ራሳቸው የሚጽፉት ሰዎች ስሕተት ሲፈልጉ ወደዚህ መመለሳቸው አያስደንቅም። በጂኦክሎ የሚጠቀሙትም ከሱናሚው ካርታ ላይ የእያንዳንዱን እራፊ ጠርዝ፥ ቢፈልጉም የእያንዳንዱን ዐይን ጠርዝ በመሥመር ማሣል ይችላሉ። በተግባር ለሹሙ የሚጠቅመው ይህ ነው። የጎርፍ ወይም የማዕበል ካርታ ይዞ የሚመጣን ባለ ሙያ፥ የመረቡን መሥመር ከላይ ጨምረህ አንድ ጊዜ አሳየኝ ቢሉት አንድ ትእዛዝ ከመስጠት ያለፈ ሥራ የለበትም። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ በ100 ዐይኖች የተሸፈነ ይሁን ወይም በአንድ ዐይን ጥግ ላይ የወደቀ ይሁን ይታያል። ባለ ሙያውም ብዙ ጊዜ ይህን ለማሳየት ደስ ይለዋል፤ የሚያሳዝነው የሚጠይቀው ሰው አለመኖሩ ነው።

ስለ ጊዜም አንድ ቃል እንጨምር። ደቃቁ መረብ በአጭር እርምጃ፥ ሰፊው በረጅም እርምጃ ስለሚሄድ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ላይ የሚገናኙት ሰፊው እርምጃውን ሲጨርስ ብቻ ነው። ስለዚህ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲዘጋጅ ሁሉም ደረጃዎች በእኩል ሰዓት ላይ ያሉበትን ቅጽበት መምረጥ ያስፈልጋል። ይህ ካልሆነ ማዕበሉ በደቃቁ ውስጥ ቀድሞ፥ በሰፊው ውስጥ ወደ ኋላ ቀርቶ፥ በድንበሩ ላይ የተሰበረ መስሎ ይታያል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ አዲስ ችግር መጥቷል። ትልልቆቹ ኮምፒዩተሮች የሚያወጡት ቁጥር ከመብዛቱ የተነሣ በማኅደር ጽፎ ማስቀመጡ ራሱ ከስሌቱ የበለጠ ጊዜ መውሰድ ጀመረ። ስለዚህ ቁጥሩን ሳያስቀምጡ፥ ስሌቱ በመካሄድ ላይ ሳለ ሥዕሉን እዚያው ሠርቶ፥ ሥዕሉን ብቻ አስቀምጦ ቁጥሩን መጣል ተለመደ። ቪዚትም ፓራቪውም ለዚህ የሚያገለግል ክፍል አላቸው። ጊዜና ገንዘብ ይቈጥባል። ነገር ግን ምን እንደሚሣል፥ በየትኛው አቅጣጫ፥ ለስልሶ ወይም ሳይለሰልስ እንደ ሆነ፥ የመረቡም መሥመር ይግባ ወይም አይግባ፥ ሁሉም ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት መወሰን አለበት። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ሹም ካርታውን ይዞ መጥቶ፥ በትምህርት ቤቱ ላይ የነበረው ዐይን ምን ያህል ነበር ብሎ ቢጠይቅ፥ አስቀድሞ መረቡ ከሥዕሉ ጋር እንዲቀመጥ ያዘዘ ሰው ከሌለ፥ ተመልሶ የሚታይ ቁጥር አይገኝም፤ ስሌቱን እንደገና ከመጀመሪያው ማካሄድ ያስፈልጋል።